ቄጠማ የመሰለን ተክል

ያን የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጅረቱ ዳር የወረድነውን ሰዎች አስቀድሜ ልናገር። አጎቴ ነበሩ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው በቅሏቸውን ይዘው ከአፋፉ የቀሩት። ልጃቸው ነበረች፤ ደብረ ብርሃን የመምህርነት ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበች፣ ለበዓል የመጣች። ጎረቤታቸው ነበር፤ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ ገበሬ፣ አፉ ከቀልድ የማይለይ። እኔም ነበርኩ። በቅሎዋንም አጎቴ ከሰው ጋር ስለሚቆጥሯት እጨምራታለሁ። ሌላ ሰው አልነበረም፤ ነበርኩ የሚል ካለ ከአፋፉ በላይ ነበረ ማለት ነው።

አጎቴ የደብራችን ቄጠማ አምጪ ናቸው። በቀዳም ስዑር ጠዋት ካህናቱ የትንሣኤውን የምሥራች እያዜሙ ለሕዝቡ ቄጠማ ያድላሉ፤ ሰውም ተቀብሎ ራሱ ላይ ያስረዋል። የጥፋት ውሃ መጉደሉን ርግብ ለኖኅ በእርጥብ ቅጠል እንዳበሰረችው ማለት ነው። በእኛ ደብር ያን ቄጠማ የሚያቀርበው የአንድ ቤት ሰው ነው። ከአጎቴ በፊት አባታቸው ያመጡ ነበር፣ ከእሳቸውም በፊት የእሳቸው አባት። ማንም የጻፈው ነገር የለም፤ ከቤታቸው ሥር ያለው ጨፌ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ስለነበረ፣ ቄጠማውም የሚበቅለው እዚያ ስለሆነ፣ በቃል እንደተያዘ የቆየ ነው።

ያን ዓመት ጨፌው ደረቀ። መሬቱ ተሰነጣጥቆ በጎች ይተኙበት ጀመር። ከሆሣዕና በፊት የሰበካው ሽማግሌዎች አጎቴን ጠርተው፣ "ከተቸገሩ በመኪና ከሌላ አገር እናስመጣለን፤ እርስዎም ይረፉ" አሏቸው። በአክብሮት ነው ያሏቸው። አጎቴን የጎዳቸው አክብሮቱ ይመስለኛል፤ ቢቆጧቸው ኖሮ መልስ ይሰጡ ነበር። "አመጣለሁ" ብቻ ብለው ወጡ። አንድ ዓመት ካቋረጡ ነገሩ ከቤታቸው እንደሚወጣ ገብቷቸዋል፤ ለእኛም ሳይናገሩ ገብቶናል።

ስለዚህ ጎረቤታችን፣ "ከገደሉ ሥር ካለው ጅረት ዳር የሚያምር አረንጓዴ አይቻለሁ" ሲል ማንም ሁለተኛ አልጠየቀውም። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ሞባይል የምጠግንበትን ክፍል ዘግቼ ረቡዕ መጥቼ ነበር። ሐሙስ ጠዋት በሕማማት ሰላምታ ስለሌለ እጅ ሳንነሣሣ፣ እንደተኮራረፈ ሰው ዝም ተባብለን የመኪና መንገዱ ከሚያበቃበት ከቀየት በታች ያለውን ቁልቁለት ተያያዝነው።

ጅረቱ ዳር ስንደርስ ጎረቤታችን ማጭዱን ከወገቡ መዝዞ፣ "ይኸውላችሁ! ጉልባኑ ሳይቀዘቅዝ እንመለሳለን" አለ።

ከአሸዋው ላይ ቀጥ ቀጥ ብሎ የቆመ አረንጓዴ ነገር ሞልቶታል። ከሩቅ ላየው ሰው ቄጠማ ነው። ጎንበስ ብዬ አንዱን ያዝኩት። ሻካራ ነው፤ ልክ የብረት ሞረድ እንደመዳበስ። አገዳው ክብ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን መስመር ተሰምሮበታል፤ በየአንጓው ላይ ጥርስ ያላት ትንሽ አክሊል የመሰለች ነገር ተጠምጥማለች። ቅጠል ብዬ የምጠራው ነገር አላገኘሁበትም።

"ይሄ ቄጠማ አይደለም" አልኩ።

"እና ምንድነው? ጎመን ነው?"

"የቄጠማ አገዳ ሦስት ማዕዘን ነው። ይሄ ክብ ነው።"

"ኧረ ባክህ! ሰው ራሱ ላይ አስሮ ማዕዘኑን ሊለካ ነው?"

የአጎቴ ልጅ ሳቀች፤ ወዲያው ሕማማት መሆኑ ትዝ አላት መሰለኝ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እኔ አገዳውን በሁለት እጄ ይዤ ሳብ ሳደርገው አንጓው ላይ ጠቅ ብሎ ተለያየ። ውስጡ ባዶ ነው፣ እንደ ቧንቧ።

"ፈታው!" አለች። "ይሄ ሰው ያየውን ነገር ሁሉ ካልፈታ እንቅልፍ አይወስደውም። በል ግጠመው እስቲ።"

መልሼ አክሊሏ ውስጥ ሰካሁት። ገባ፤ ደህና የቆመም መሰለ። ነፋስ ሲነካው ግን ወደቀ።

"እንደ ሞባይሎቹ ነው" አለ ጎረቤታችን ማጨዱን ሳያቆም፣ "ዋስትናው ከበር እስኪወጡ ድረስ ነው።"

በሁለት ሸክም አጭደን አፋፉ ላይ አወጣነው። አጎቴ ከእስሩ አንድ ዘለላ መዘው በጣታቸው መሐል አንከባለሉት። ዓይናቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ቄጠማን ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው ሲያውቁት ኖረዋል፤ ቄጠማ በጣት መሐል አይንከባለልም፣ ማዕዘኑ ይይዘዋል። ቀጥለው ዘለላውን በአመልካች ጣታቸው ዙሪያ ሊጠመጥሙት ሞከሩ። ጠቅ አለ። ድጋሚ ሞከሩ፤ ድጋሚ ጠቅ አለ።

"ክብ ነው" አሉ። ሦስታችንንም አላዩንም። ስብርባሪውን ጥለው፣ "ጫኑ" አሉ።

ዳገቱን ስንወጣ የጨፌው ራስ አጠገብ አለፍን። እዚያ ምንጩ የሚፈልቅበት ጥቁር ዓለት አለ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ውሃ ልቀዳ ስመጣ ዓለቱ በፈርን የተሸፈነ ነበር፤ አገዳው እንደ ጥቁር ሽቦ የቀጠነ፣ ቅጠሉ የተቆራረጠ፣ ሲወለድ እንደ አውራ በግ ቀንድ ተጠቅልሎ ወጥቶ ቀስ በቀስ የሚዘረጋ። ያን ቀን የነበረው የደረቀና የተኮማተረ ቡናማ ነገር ነው። ከዓለቱ በላይ አጎቴ የተከሏቸው ባሕር ዛፎች በረድፍ ቆመዋል።

"ጋሼ፣ አይቆጡኝና" አለ ጎረቤታችን፣ "ጨፌውን የጠጡት እነዚህ ናቸው።"

"ዝናቡ ነው።"

"ዝናቡማ የእኔም ማሳ ላይ ያው ዝናብ ነው። ገብሴ አልደረቀችም።"

"የልጄ ቤት ወራጅ ናቸው" አሉ አጎቴ።

"ይሁና። ቤቱ ሲመረግ ጭቃው በምን ይቦካል?"

አጎቴ በቅሎዋን ቸብ አደረጓት፤ ያጠፋችው ነገር ግን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ እስሮቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ከጥላ ስር አስቀመጥን። ጎረቤታችን ማጭዱን ሊወለውል ሲያነሣ ዝገቱ ከስለቱ ጠፍቶ አየ። የአጎቴ ልጅም ጣቶቿ ተፋፍቀው ነበር። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ የአሥራ አንደኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ አለኝ፤ ከአንድ ደንበኛዬ በጥገና ፈንታ የወሰድኩት ነው። ዘር ሳይኖራቸው ውሃ የሚያመላልስ ቧንቧ ስላላቸው ዕጽዋት የሚናገር ምዕራፍ አለው። ፈርን እዚያ አለ፤ ይህ ባለአንጓ ተክልም በሥዕል አለ። ቆዳው ውስጥ አሸዋ የተሠራበትን ማዕድን ስለሚያከማች ሰዎች ዕቃ ይፈትጉበታል፣ እንጨትም ያለሰልሱበታል ይላል። ቅጠሉ ከንቱ ሆኖ በአንጓው ላይ ያለች ጥርስ ብቻ ቀርታለች፤ ምግቡን የሚሠራው አረንጓዴው አገዳ ራሱ ነው።

የአጎቴ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ "ዘር ከሌለው ያን ሁሉ ማን ዘራው?" አለችኝ።

በአንዳንዶቹ ዘለላዎች ጫፍ ላይ የጤፍ ራስ የማታክል፣ የተደራረበች ቡቃያ መሳይ ነገር ነበረች። ወረቀት ላይ ሳራግፋት አረንጓዴ ብናኝ ወጣ። የሞባይል ሰሌዳ የማይበትን ማጉያ ሰጠኋት። "ተንፍሽበት" አልኳት። ተነፈሰችበት። ብናኙ ዝም አለ። እርጥበቱ ሲለቀው ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ያሉትን አራት ቀጫጭን ክንዶች ዘርግቶ መንቀጥቀጥና መዝለል ጀመረ።

"ቁንጫ ነው እንዴ!" ብላ ማጉያውን ልትጥለው ነበር።

"ሲደርቅ ይዘረጋል፣ ሲረጥብ ይሰበሰባል። ነፋስ እንዲወስደው ነው። እርጥብ መሬት ላይ ካረፈ ይበቅላል።"

"ካላረፈስ?"

"የዚህኛው ዕድሜ አጭር ነው። በጥቂት ቀን ይሞታል።"

ቀና ስል አጎቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደነበሩ አላውቅም።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስግደት ላይ ዋልን። አጎቴ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ከማንም ሳያንሱ ሰገዱ። እኔ በየመነሣቴ ሐሳቤ ወደ ጆንያው ይሄድ ነበር። ቄጠማ አለመሆኑን የምናውቀው አራት ሰዎች ነን፤ ካህናቱ ባርከው ካደሉት በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ላይ ሲያስር በየሰው ግንባር ላይ ይሰበራል። አጎቴ ዝም ካሉ ነገሩ የሚታወቀው በዚያ ሰዓት ነው። ቀድመው ከተናገሩ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ በገዛ አፋቸው ማረጋገጫ መስጠታቸው ነው። እንዲናገሩ መምከር አማረኝ፤ የእኔ ድርሻ መስሎ አልታየኝምና ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት እስሮቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወረዱ። የነፍስ አባታቸው፣ በዕድሜ ከአጎቴ የሚበልጡት ቄስ፣ መስቀላቸውን ሲያነሡ አጎቴ ከሕዝቡ ወጥተው ጎንበስ አሉ።

"አባታችን፣ ሳይባረክ የምናገረው አለኝ።"

"ተናገር ልጄ።"

"ያመጣሁት ቄጠማ አይደለም። ይመስላል እንጂ አይደለም። ጨፌው ደርቆብኛል።"

 ቄሱ አንድ ዘለላ አንሥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ታዲያ ምን ይባላል?"

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። ሕዝቡም ወደ እኔ ዞረ። "በአገራችን ስሙን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም አባታችን" አልኩ። "አያብብም። ፍሬም ዘርም የለውም።"

"ዘር ከሌለው እንዴት አንድ በቅሎ ጭነት ወጣው?"

ሰው ሳቀ። ቀርቤ ጫፉን መዳፋቸው ላይ አራገፍኩት። አረንጓዴውን ብናኝ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው። ውሃ ካገኘ ይሄ ሁሉ ይሆናል።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንግዲህ ለከርሞ በመኪና የተባለው..." ብለው ጀመሩ።

"የከርሞው ለከርሞ ይቆየን" አሏቸው ቄሱ። "ዛሬ እርጥብ መጥቷል፤ ያመጣውም ሰው አልዋሸንም። እንባርከው። እናንተ ግን ራሳችሁ ላይ አትታገሉት፤ በእጃችሁ ያዙት።"

ሰው መቼ ሰምቶ! ተቀብሎ ዞር እንዳለ ሁሉም ለማሰር ሞከረ፤ ግቢው ጠቅ ጠቅ በሚል ድምፅ ተሞላ። ልጆች ስብርባሪውን መልሰው እየሰኩ ረጅም ዱላ ሠሩበት። አንዲት አሮጊት ከነጠላቸው ጠርዝ ክር መዘው ሦስት ዘለላ ሳያጥፉ አንድ ላይ አሰሩና ሻሻቸው ላይ ሻጡት። ጎረቤታችን በበኩሉ ለሚያገኘው ሁሉ፣ "ለራስ ባይሆን ለማጭድ ነው፤ ወደ ቤት ውሰዱት" እያለ ይመክር ነበር። አጎቴ የድርሻቸውን አንድ ዘለላ በመዳፋቸው ጋደም አድርገው ይዘው፣ ማንንም ሳያዩ ወደ ቤት ሄዱ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ጠዋት ለሥራ ልመለስ ስነሣ አጎቴ ጠሩኝ። መጥረቢያ ይዘዋል። አብረን ወደ ዓለቱ ወረድን።

"ያ ትቢያ ስንት ውሃ ይፈልጋል?" አሉኝ።

"ጥቂት ነው። ግን መቆየት አለበት።"

"ይሄስ?" በመጥረቢያው እጀታ የደረቀውን ፈርን ነኩት።

የማውቀውን ነገርኳቸው። ፈርን ሁለት ኑሮ አለው። በቅጠሉ ጀርባ ያሉት ቡናማ ነጠብጣቦች ብናኝ ይረጫሉ። ብናኙ የወደቀበት ቦታ ፈርን አይበቅልም፤ መጀመሪያ የሚበቅለው ከጣት ጥፍር የምታንስ፣ ልብ የመሰለች አረንጓዴ ቅርፊት ነች። ወንዴና ሴቴው የሚገናኙት እሷ ላይ ነው፤ ወንዴው ዋኝቶ ካልሄደ ግን አይገናኙም። የሚዋኝበት ውሃ ዓለቱን ያረጠበው ወዝ ነው፤ ከዚያ ሌላ አያስፈልገውም። እሱ ከሌለ ግን ዘር የላቸውምና እርጥበት እስኪመለስ የሚጠብቁበት ሌላ መንገድ የለም። ፈርኑ የሚወለደው ከዚያ በኋላ ነው።

አጎቴ ሲሰሙኝ ቆይተው፣ "እና ዛፎቹ ናቸው?" አሉ።

"እርግጠኛ አይደለሁም ጋሼ። ዝናቡም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ።"

"ዝናቡን መቁረጥ አልችልም" አሉና የመጀመሪያውን ባሕር ዛፍ መቱት።

ልጃቸው የመጥረቢያውን ድምፅ ሰምታ ከላይ እየሮጠች መጣች። ዛፎቹ ገና ነበሩ፤ ለማገር እንጂ ለወራጅ አልደረሱም። ቤት ልትሠራባቸው የነበረችው እሷ ናት። ገና ያልደረሰውን የግንድ ውፍረት በሁለት እጇ ለካች።

"አባባ፣ ሁለት ዓመት ቢቆዩ እኮ..."

"አውቃለሁ።"

 የወደቀውን ግንድ ቅርንጫፍ ትመለምል ጀመር፤ "እንግዲያው ማገሩን በደንብ ቁረጡልኝ" አለች። ጎረቤታችን በማግሥቱ ዶማ ይዞ መጣ። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠበት መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ጉቶው መነቀል ነበረበት። ሲነቅል ዋለ፤ "ምነው አፌን በቆረጠው! እኔ ነኝ እኮ ለራሴ ሥራ ያመጣሁት" እያለ።

ክረምቱ አለፈ። የደረቁት ቅጠሎች አልነቁም፤ አንዳንድ ፈርን ሲረጥብ የተኮማተረውን ቅጠሉን መልሶ ይዘረጋል፣ ይሄኛው ግን እንደዚያ አይደለም። በጥቅምት ስመለስ ዓለቱ እጅ ሲያስደግፉበት ያረጥብ ነበር። ተንበርክኬ በማጉያው ሳይ ስንጥቁ ውስጥ ልብ የመሰሉት ቅርፊቶች ተጣብቀዋል። ጠራኋቸው። አጎቴ ያን የዓርብ ስግደት በሰገዱበት ጉልበት ቀስ ብለው ተንበረከኩ፤ ማጉያውን አስተካከልኩላቸው።

"አረንጓዴ ነገር ይታየኛል" አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ "አንዷ ላይ ቀንድ የመሰለች ወጥታለች?"

ወጥታለች። የተጠቀለለች፣ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ። እኔ አላየኋትም ነበር።

"ቄጠማውስ?" አልኩ፤ መጠየቅ ባይኖርብኝም።

"ቄጠማውማ ገና ነው።"

በቀጣዩ ፋሲካ ቄጠማው በመኪና መጣ። መኪናው ቀየት ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለምና ሽማግሌዎቹ የአጎቴን በቅሎ ለመኑ። አጎቴ ጭነቱን ራሳቸው አስተካክለው፣ እርጥብ ጆንያ ደርበው፣ እስከ ደጀ ሰላሙ አደረሱት። ምን እንደተሰማቸው አልጠየቅኋቸውም። ከጭነቱ ውስጥ ሥሩ ያልተቆረጠ እንዳለ ዘለላ በዘለላ ሲፈትሹ ግን አይቻለሁ። ሁሉም በማጭድ የተቆረጠ ነበር፤ ሥር የለውም።

አሁን ሥር ያለው ቄጠማ እያፈላለጉ ነው፤ ከዘንድሮው ክረምት በፊት ጨፌው ውስጥ ሊተክሉ። ጨፌው እንደ ድሮው አይደለም፤ ውሃ ረግቶ የሚቆይበት ትንሽ ቦታ ነው፤ የሚተከለውም ትክክለኛው ቦታ ላይ ካልሆነ ሌላ ዓመት ይባክናል። ድሮ ቄጠማው ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅልበት የት እንደነበር ግን አልተስማማንም። አጎቴ ከዓለቱ በስተምሥራቅ ነው ይላሉ፤ እጃቸው ሲያጭድበት የኖረውን ቦታ አስታውሰው ይሆናል። ልጃቸው በጎቹ ውሃ ይጠጡበት ከነበረው ጎድጓዳ ሥር ነው ትላለች። ጎረቤታችን በሁለቱም ይስማማል። እኔ የማስታውሰው ፈርኑን እንጂ ቄጠማውን አይደለም።

ስለዚህ በዚያ ጨፌ ቄጠማ ያጨዳችሁ፣ ከብት የጠበቃችሁ፣ ልብስ ያጠባችሁ፣ በዚያም ቅዳሜ ደጁ ላይ የነበራችሁ፣ ይህን ካነበባችሁ የምታውቁትን ጨምሩበት። ያበላሸሁትም ካለ አርሙኝ። በተለይ ግን ውሃው በበጋ መጨረሻ ሲሸሽ በመጨረሻ እርጥብ ሆኖ የሚቀረው በየትኛው በኩል እንደነበር የምታስታውሱ፣ ከክረምቱ በፊት ንገሩን።